«ሩጫውን ተወው» ከሚለው ምክር ወዲህ፦ የተረከዝ ጅማት ሕመም አጭር ታሪክ

በአገራችን ስለ ሩጫ ሲጻፍ የሚጻፈው ስለ አሸናፊዎቹ ነው። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ አሸናፊዎቹ ብዙ ናቸውና። ይሁን እንጂ ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ዓይነት ሯጭ በመካከላችን ይኖራል። በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ በተካሄደው የታላቁ ሩጫ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር 10,000 ያህል ሰዎች ሲሳተፉ አንደኛ የወጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነበር። ከኋላው ያለው ሕዝብ ግን ለሜዳልያ የወጣ አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛዋ፣ ነርሷና ሐኪሙ ማለዳ ከሥራ በፊት በጃን ሜዳ ወይም በመስቀል አደባባይ ሲሮጡ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

ይህ አማተር ሯጭ እንጀራው ሩጫ አይደለም። አሠልጣኝ የለውም፤ ቡድን የለውም፤ ከልምምድ በኋላ እግሩን የሚያይለት ወጌሻም የለውም። አንድ ቀን ተረከዙን ወይም ጉልበቱን መታመም ሲጀምር የሚመጣው ወደ እኛ የተመላላሽ ክፍል ነው። በዚያም የልብ ድካም፣ የሳንባ ነቀርሳና የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ተሰልፎ ተራው ሲደርስ፣ ሕመሙ የሚገድል ባለመሆኑ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ይሰጠዋል። የሚያገኘውም መልስ ዳይክሎፌናክና «ሩጫውን ተወው» የሚል ምክር ነው። ሩጫውን የሚተው ሰው ግን የሚተወው ሩጫውን ብቻ አይደለም። የደም ግፊቱን የተቆጣጠረበትን፣ ክብደቱን የቀነሰበትን፣ አንዳንዴም ከጭንቀቱ የተገላገለበትን መንገድ አብሮ ይተዋል። ስለዚህ ይህ ምክር ከየት እንደመጣ፣ ስንት ዓመት እንደቆየና ምን እንደተካው ማወቅ ለጤና ባለሙያ ከንቱ የታሪክ ፍለጋ አይመስለኝም።

ከብዙዎቹ የሩጫ ጉዳቶች መካከል የተረከዝ ጅማትን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በዚህ ጅማት ሕክምና ላይ የመጣው ትልቁ ለውጥ የተገኘው ከአንድ አማተር ሯጭ ሐኪም የራሱ እግር በመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከአንባቢ የሚደበቅ አይደለምና፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቀኝ እግሩ ያንኑ ሕመም ይዞ መሮጥ ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ስሙ። «ቋንጃ» የሚለው ቃላችን አንዳንዱ ዘንድ ከጉልበት በስተኋላ ላለው፣ ሌላው ዘንድ ከተረከዝ በላይ ላለው ጅማት ሲነገር ስለሚሰማ፣ እዚህ ላይ «የተረከዝ ጅማት» ማለቱን መርጫለሁ። በሕክምናው ዓለም የአኪለስ ጅማት መባሉ ከግሪኮች አፈ ታሪክ የመጣ ነው፤ ይሁንና ጅማቱ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው በግሪኮች ዘመን አይደለም። ስሙን በአናቶሚ መጽሐፍ ውስጥ ያስገቡት በሉቨን ያስተምሩ የነበሩት ፊሊፕ ፌርሃየን ናቸው፤ ዘመኑም 1693 ነው። ፌርሃየን በወጣትነታቸው የሃይማኖት ትምህርት ተማሪ ነበሩ። ግራ እግራቸው በሕመም ምክንያት ከተቆረጠ በኋላ ወደ ሕክምና ዞሩ። የተቆረጠውን የራሳቸውን እግር አስቀምጠው በኋላ እንደበለቱት የሚነገረው ታሪክ እውነት ይሁን ተረት መለየት አስቸጋሪ ቢሆንም፣ የዚህ ጅማት ታሪክ ከመነሻው የራሱን እግር በመረመረ ሰው ስም መጠራቱ ደስ ይላል።

ሕመሙን ለይተው ስም የሰጡት ደግሞ የቪየናው ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ አልበርት ሲሆኑ፣ በ1893 «አኪሎዲኒያ» ብለውታል፤ የአኪለስ ሕመም ማለት ነው። ይህ ስም ስለ መንስኤው ምንም አይናገርም፤ ያመኛል የሚለውን የበሽተኛ ቃል ብቻ በግሪክኛ ይደግማል። ኋላ እንደምናየው ከተተካው ስም ይልቅ ይህ ለእውነቱ ይቀርብ ነበር።

አማተር ሯጭ በብዛት ባልነበረበት ዘመን የአማተር ሯጭ ጉዳት ሊኖር አይችልም። ሩጫ የሕዝብ መሆን የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። የኒው ዚላንዱ አሠልጣኝ አርተር ሊድያርድ በኦክላንድ ከተማ በዕድሜ የገፉና ከባድ ሰውነት ያላቸውን ሰዎች፣ የልብ ሕመምተኞችን ጭምር፣ ቀስ ብለው እንዲሮጡ ያደርግ ነበር። የኦሪገኑ አሠልጣኝ ቢል ባወርማን ይህንን አይቶ ወደ አሜሪካ ወሰደው፤ በ1967ም ከአንድ የልብ ሐኪም ጋር ሆኖ ስለ ዝግ ያለ ሩጫ መጽሐፍ አሳተመ። በ1970 የመጀመሪያው የኒው ዮርክ ማራቶን ሲካሄድ የጀመሩት 127፣ የጨረሱት 55 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ፍራንክ ሾርተር በ1972 በሙኒክ ማራቶንን ካሸነፈ በኋላ ግን ቁጥሩ እንደ ጎርፍ ሞላ። ከኒው ጀርሲ የልብ ሐኪሙ ጆርጅ ሺሃን በ45 ዓመታቸው እንደገና መሮጥ ጀምረው፣ ስለ ሯጭ ጉዳትና ስለ ሯጭ ሕይወት እየጻፉ የብዙዎች አማካሪ ሆኑ። ሐኪም ራሱ ሯጭ ሲሆን የሚጠይቀው ጥያቄ እንደሚለወጥ ከሳቸው ጽሑፎች ይታያል።

ጉዳቱም ተከተለ። በ1978 ስታንሊ ጄምስና ሁለት ባልደረቦቻቸው በኦሪገን ያዩአቸውን 180 የተጎዱ ሯጮች ያሉባቸውን 232 ጉዳቶች ዘርዝረው አቀረቡ። ዋናው መደምደሚያቸው አብዛኛው ጉዳት የሚመነጨው ከሥልጠና ስህተት፣ ማለትም በአጭር ጊዜ ብዙ ከመሮጥ ነው የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ሐኪሙ ጌብ ሚርኪን ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ የሚለውን በአራት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚታወስ መመሪያ በመጽሐፋቸው አወጡ። መመሪያው ለድንገተኛ ውልቃትና ለምት የታሰበ ቢሆንም፣ ለማስታወስ ቀላል በመሆኑ ለማንኛውም ጉዳት፣ ወራት ላስቆጠረ የጅማት ሕመም ሳይቀር፣ ዋለ። የእኛም «ተወው» ብዙው ክፍል ከዚህ የተቀዳ ነው። ሚርኪን ራሳቸው በ2014 ገደማ በረዶውም ፍጹም ዕረፍቱም ፈውስን ሊያዘገይ እንደሚችል ጽፈው አቋማቸውን ለውጠዋል፤ ምክሩን የተማረው ትውልድ ግን መለወጡን የሰማ አይመስልም።

ለታላላቆቹ ሯጮች የነበረው መልስ ዕረፍት ብቻ አልነበረም፤ ቢላዋም ነበር። አሜሪካዊቷ ጆአን ቤኖይት በ1981 መጨረሻ ሁለቱም የተረከዝ ጅማቶቿ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ በሚያዝያ 1983 ቦስተን ላይ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበች። በ1984 ደግሞ ከኦሎምፒክ ማጣሪያው 17 ቀን በፊት ጉልበቷ በአርትሮስኮፒ ታከመ፤ ሐኪሟም ከላይ የተጠቀሱት ዶክተር ጄምስ ነበሩ። ማጣሪያውን አሸነፈች፤ በነሐሴም በሎስ አንጀለስ የመጀመሪያውን የሴቶች ኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ወሰደች። ኃይሌም በሲድኒ 2000 ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ሲያሸንፍ የተረከዝ ጅማቱ የታመመ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በ2001 ኤድመንተን ላይ ሦስተኛ ወጣ። በ2004 በአቴንስ ያው ጅማት እያስቸገረው አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በ2007ና በ2008 በርሊን ላይ የማራቶንን ክብረ ወሰን ሁለት ጊዜ ሰበረ። ቀድሞም ቢሆን ሻምበል አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱ ከወጣለት ሳምንታት በኋላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማሸነፉን፣ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ግን የተጎዳ እግሩን ይዞ ጀምሮ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ማቋረጡን፣ ድሉንም ማሞ ወልዴ መቀበሉን ሁላችንም እናውቃለን።

እነዚህ ታሪኮች እጅግ ያኮራሉ። ለአማተር ሯጭ ግን መጥፎ መምህር ናቸው ብዬ አምናለሁ። ትልቁ አትሌት የቀዶ ሐኪም፣ የፊዚዮቴራፒስትና የቀን እንቅልፍ ባለቤት ነው፤ አንድ የውድድር ዘመን ቢያልፈው የሚከፈለው ዋጋም ከእኛ የተለየ ነው። አማተሩ ከታሪኩ የሚወስደው «ችሎ ሮጠ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከሐኪሙ ደግሞ «ተወው» የሚለውን ይሰማል። በሁለቱ መካከል የሚያሻግረው አልነበረም።

መንገዱ የተዘጋው በአንድ ቃል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አልበርት በትሕትና ሕመም ያሉትን፣ ከሳቸው በኋላ የመጡት ሐኪሞች «ቴንዲናይቲስ» አሉት፤ የጅማት ብግነት ማለት ነው። ብግነት ከሆነ ሕክምናው ግልጽ ነው፤ ፀረ ብግነት መድኃኒትና ዕረፍት። በ1976 ጣሊያናዊው ጃንካርሎ ፑዱና ባልደረቦቻቸው የታመሙ ጅማቶችን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ያዩት ግን የብግነት ሕዋሳትን ሳይሆን የኮላጅን ክሮች መዘበራረቅንና መላላትን ነበር። «ቴንዲኖሲስ» የሚለውን ስያሜ ያቀረቡትም ለዚህ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ብዙ ሰሚ አላገኙም። በ1999 የስዊድን ተመራማሪዎች በሕያው ሰው ጅማት ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሲለኩ፣ የብግነት መልእክተኛ የሆነው ፕሮስታግላንዲን ከጤነኛው ጅማት በልጦ አልተገኘም። በ2002 ካሪም ካንና ባልደረቦቻቸው በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የ«ቴንዲናይቲስ»ን ተረት እንተወው ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ሥራዎች ብግነት ፈጽሞ የለም ማለትም ስህተት መሆኑን አሳይተዋል። ቢሆንም ሕመሙ ሸክም የበዛበትና መጠገን ያልቻለ ጅማት ሕመም ነው የሚለው መሠረት ጸንቷል። ዛሬ «ቴንዲኖፓቲ» የምንለውም መንስኤውን ላለመወሰን ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ወደ አልበርት ተመልሰናል ማለት ነው።

ወደ ታሪኩ እምብርት እንምጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሆካን አልፍሬድሰን በሰሜን ስዊድን በምትገኘው የኡሜኦ ከተማ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ለራሳቸው ደስታ የሚሮጡ ሰው ሲሆኑ፣ የተረከዝ ጅማታቸው ለረጅም ጊዜ እያመማቸው መሮጥ አቃታቸው። እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ወደ አለቃቸው ሄደው ቀዶ ሕክምና እንዲያደርጉላቸው ጠየቁ። አለቃቸው እምቢ አሉ፤ ከቀዶው በኋላ ዶክተሩ ለረጅም ጊዜ ከሥራ ስለሚቀሩ ክፍሉ ይህንን አይችልም የሚል ነበር ምክንያታቸው። አልፍሬድሰንም እንግዲያው ጅማቱ እንዲብስ አደርገዋለሁ፣ ሲብስ ግን መቅደድ ግድ ይሆንባችኋል ብለው ተነሡ። በደረጃ ጫፍ ላይ በእግራቸው ጣቶች ቆመው ተረከዛቸውን ቀስ እያሉ ከደረጃው በታች ማውረድ ጀመሩ፤ ሲያምም ጨመሩበት፤ ክብደትም ተሸከሙ። የጠበቁት ሳይሆን ቀረ። ሳምንታት ሲያልፉ ሕመሙ ለቀቃቸው፤ ወደ ሩጫቸውም ተመለሱ።

ይህ ታሪክ የሚያስቅ ነው፤ ይሁንና እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ከወግ አያልፍም ነበር። አልፍሬድሰን ሥርዓት ሰጡት። በጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ በጉልበት እጥፍ ብሎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት ሰባት ቀን፣ ለ12 ሳምንት። በቀን 180 ጊዜ መሆኑ ነው። መውጣቱን በጤነኛው እግር፣ መውረዱን በታመመው እግር፤ ሲለምድ ደግሞ ክብደት የያዘ ቦርሳ በጀርባ። በ1998 ያሳተሙት ጥናት 15 አማተር ስፖርተኞችን ያካተተ ሲሆን፣ ሁሉም በዕረፍት፣ በመድኃኒትና በጫማ ለውጥ ያልዳኑና ቀዶ ሕክምና ይጠብቁ የነበሩ ናቸው። ከ12 ሳምንት በኋላ 15ቱም ወደ ቀድሞ ሩጫቸው ተመለሱ። በተለመደው መንገድ የታከሙት ሌሎች 15 ሰዎች ግን አልተሻላቸውም፤ ሁሉም በመጨረሻ ተቀደዱ። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ሰዎቹም በዕጣ የተመደቡ አልነበሩም። አንባቢ ይህንን ሊዘነጋ አይገባም። ግን በሕመም ላይ ሸክም መጨመር ሕክምና ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲያ ሊመለስ አልቻለም። (ከርሳቸው በፊት፣ በ1984፣ በካናዳ ስታኒሽና ከርዊን ተመሳሳይ መንገድ ማቅረባቸውን ለፍትሕ ሲባል መጥቀስ ያስፈልጋል።)

ይህም ቢሆን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። የአልፍሬድሰን ሕመምተኞች የተጠየቁት ደረጃ ላይ እንዲሠሩ ነው፤ እየሮጡ ወይስ ሳይሮጡ? ለአማተሩ ዋናው ነገር ይህ ነው። በ2007 ካሪን ሲልበርናግልና ባልደረቦቻቸው በጎተንበርግ 38 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለስድስት ሳምንት መሮጥና መዝለል ተከለከለ፤ ሌላው የሕመም ልኬት እየተጠቀመ እንዲሮጥ ተፈቀደለት። ሁለቱም ቡድኖች ጅማቱን የሚያጠነክረውን ልምምድ ይሠሩ ነበር። በውጤቱ ሁለቱም ተሻላቸው፤ መሮጣቸው የጎዳቸው ነገር አልታየም። ልኬቱ ቀላል ነው። ሕመምን ከ0 እስከ 10 ብናስቀምጠው፣ በሩጫ ጊዜና ከሩጫ በኋላ እስከ 5 መድረሱ ይፈቀዳል። በማግሥቱ ጠዋት ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት፤ የጠዋቱ መገተርና ሕመሙም ከሳምንት ሳምንት እየባሰ መሄድ የለበትም።

ይህንን ልኬት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከእግሬም ስለማውቀው ጥቂት ልጨምር። በዚህ ሕመም እውነተኛው ፈተና ሩጫው አይደለም፤ በማግሥቱ ከአልጋ ተወርዶ የሚረገጡት የመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ናቸው። ሩጫው ላይ ጅማቱ ሲሞቅ ሕመሙ ይደበቃል፤ ያን ጊዜ ሰው ራሱን ያታልላል። ጠዋት ላይ ግን መዋሸት አይቻልም። ሕመምተኛዬ «ስሮጥ አይሰማኝም» ሲለኝ ስለ ጠዋቱ የምጠይቀው ለዚህ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚካሄደውን 10 ኪሎ ሜትር እነዚህን ሦስት ዓመታት የሮጥኩት ጠዋቱን እየቆጠርኩ ነው፤ ከጠዋቱ ስሌት የተነሣ ልምምዱን ከአምስት ቀን ወደ ሦስት ያወረድኩበት ጊዜ አለ፤ አንድ ወር ሙሉም ቁልቁለት አልሮጥኩም። ሰዓቴ ለአንባቢ የሚነገር አይደለም። ግን እሮጣለሁ።

የዚህ ሕክምና ታሪክ የድል ታሪክ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ የሚያስጠነቅቁ ቁጥሮችም አሉ። በ2003 የታተመው የኡሜኦዎቹ የራሳቸው ሥራ፣ ሕመሙ በጅማቱ መካከል ሲሆን 89 በመቶ ጥሩ ውጤት ሲያሳይ፣ ሕመሙ ጅማቱ ከአጥንት በሚያያዝበት ስፍራ ሲሆን ግን 32 በመቶ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ጣታችንን አስቀምጠን የታመመው የት እንደሆነ ሳንለይ ልምምድ ማዘዝ አይገባም፤ ከአጥንቱ ላይ ለሚታመሙት ተረከዝን ከደረጃው በታች ማውረድ ቀርቶ በወለል ላይ መሥራቱ የተሻለ መሆኑ ኋላ ታይቷል። በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ስፖርት የማይሠሩ ሰዎችን ሲመለከት 44 በመቶ ያህሉ አልተሻላቸውም። በ2012 ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ የተጠየቁ ሕመምተኞች ከሕመም ፈጽሞ ነጻ የሆኑት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ለሕመምተኛ «ትድናለህ» ከማለት «ይዘኸው ትሮጣለህ፣ እያደርም ሳይቀልልህ አይቀርም» ማለት ለእውነት ይቀርባል።

ሁለት ነገሮች በተለይ ለእኛ ሥራ ይመለከታሉ። አንደኛው መርፌ ነው። ሕመምተኛ በችኮላ ኮርቲዞን እንዲወጋ ይጠይቃል፤ የሚወጋውም ሰው አይጠፋም። በ2010 ላንሴት ላይ የወጣው ግምገማ መርፌው በልዩ ልዩ ጅማቶች ላይ ለጥቂት ሳምንታት እንደሚያስታግስ፣ ከዚያ በኋላ ግን በተለይ በክርን ላይ ካልተወጉት እንደሚያስብስ አሳይቷል። ክብደት በሚሸከም የተረከዝ ጅማት ውስጥ ደግሞ የመበጠስ ስጋት አለ። ሁለተኛው ብዙም የማይታሰብበት መድኃኒት ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን በየጤና ጣቢያው በብዛት ይታዘዛል፤ ሌቮፍሎክሳሲን ደግሞ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ላለባቸው ይሰጣል። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች የተረከዝ ጅማትን እንደሚያሳምሙና እንደሚያስበጥሱ በመታወቁ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 በማሸጊያቸው ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዟል። ስጋቱ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ኮርቲዞን በሚወስዱ ላይ ይበልጣል። ለሽንት ቧንቧ ሕመም ሲፕሮፍሎክሳሲን የጀመረ ሯጭ ተረከዙን አመመኝ ቢል መጀመሪያ የሚቆመው መድኃኒቱ ነው፤ በሌላም ይተካል።

በድንገት እንደ ምት ተሰምቶት ባቱን የያዘ ሰው ሲመጣም በሆዱ አስተኝቶ ባቱን መጭመቅ፣ እግሩ ወደ ታች ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሷል ማለት ነው። ይህ ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየ፣ መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ ነው፤ ሆኖም ከተመላላሽ ክፍሎች ሲዘለል አይቻለሁ።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። በቀን 180 ጊዜ ደረጃ ላይ መውረድ ለስዊድን አማተር ይቻል ይሆናል፤ የሌሊት ተረኛ ለሆነች ነርስ ግን ከባድ ነው። በ2014 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት 28 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን 180ውን እንዲሠራ፣ ሌላውን የቻለውን ያህል እንዲሠራ አድርጓል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የቻሉትን ያህል የሠሩት አላነሱም። በ2015 ደግሞ የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች በ58 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት በሳምንት ሦስት ጊዜ ብቻ ከባድ ክብደት በዝግታ ማንሣት ከአልፍሬድሰን መንገድ ጋር የሚስተካከል ውጤት አስገኝቷል። ለሕመምተኞቼ አሁን የማዝዘው በዚሁ መሠረት ነው፤ በአንድ እግር፣ በዝግታ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጀርባ ላይ ሲለመድ የሚጨመር ሸክም ይዞ። ሸክሙ የጤፍ ከረጢትም ሊሆን ይችላል፤ ደረጃው የትም አለ።